ተራ ከመያዙ በፊት

ሁለት ሰዎች ገበታውን መሀላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ሠራዊቱ ተሰልፏል። ማን ይጀምር የሚል የለም፤ ዕጣ አይወጣም፤ ነጭ ቀዳሚ፣ ጥቁር ተከታይ አይባልም። ሁለቱም እጃቸውን ይሰድዳሉ። አንደኛው ሦስት መደቅ እስኪያራምድ ሌላው አንድ ፈረስ አውጥቶ ዝም ብሎ ያያል። ወይም እሱም አምስት ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ወይም ያወጣውን ፈረስ፣ የባላጋራውን አያያዝ አይቶ፣ ሐሳቡን ለውጦ ይመልሰዋል። የሚቆጥር የለም። ይህ የሚቀጥለው ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ከገበታው በተነሣባት ቅጽበት ተራ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አንዴ አንተ፣ አንዴ እኔ ነው።

የአገራችን ሰንጠረዥ አጀማመሩ እንዲህ ነበር። ምዕራፉም ወረራ ይባላል። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ፣ ፋርስን አቋርጦ፣ በዓረቦች እጅ ዓለምን ሲያዳርስ በየደረሰበት መልኩን ለውጧል፤ ተራን እስከ መጀመሪያው መበላላት ድረስ ያቆየ ሕዝብ ግን ከእኛ ሌላ አላውቅም። ስለ ሰንጠረዥ የጻፉ ሰዎች ይህን ሕግ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ እንግዳ ልማድ ጠቅሰው ያልፉታል። እኔ ማለፍ አልቻልኩም። ስለ ጅማሬ ከማውቃቸው ሐሳቦች ሁሉ ጥልቁ በዚህ ሕግ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ የጻፈው ፈላስፋ የለም፣ ተጫዋቾቹ ግን በእጃቸው አስበውታል።

ሕጉን ለመረዳት መጀመሪያ ሠራዊቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ገበታው 64 ቤት አለው፣ ቤቶቹ ግን በነጭና በጥቁር አይለዩም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ መስመር ተበጅቶለት የሚዘረጋ ነበር። ንጉሡ ከመሀለኛው መስመር በስተቀኝ ይቆማል፤ በግራው ፈርዝ ይቆማል። ለሁለቱም ተጫዋቾች እንዲሁ ስለሆነ ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት አይተያይም። ፈርዝ ዛሬ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ያለ ሹም ነው፤ አቅሙ ግን በሰያፍ አንዲት ቤት መሄድ ብቻ ነው። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ፈረስ ዛሬም የምናውቀው ፈረስ ነው። በዳርና በዳር የሚቆሙት ደሮች ቀጥ ብለው የቻሉትን ያህል ይሮጣሉ። መደቆቹ እንደ ዛሬው ወታደር አንድ አንድ ቤት ይራመዳሉ፤ ከመነሻቸው ሁለት ቤት መዝለል ግን አልተፈቀደላቸውም።

ፊል ላይ ትንሽ ልቆይ። አረማመዱን እርሳስ ይዛችሁ ወረቀት ላይ ብትከተሉት፣ ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ሲረግጥ ታገኙታላችሁ። በገበታው ላይ አራት ፊሎች አሉ፤ የአራቱም ስምንት ስምንት ቤቶች የተለያዩ ናቸው። ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ገበታ ላይ ይዘላሉ፣ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ፣ አንዱ ሌላውን ሊነካ ግን አይችልም። ወዳጅም ይሁን ጠላት አይገናኙም። ከስድስት ሰባት ቤት ማዶ ያለን ጠላት የሚያስፈራራ ጉልበተኛ በዚህ ሠራዊት ውስጥ ከደር በቀር የለም፤ ደሩንም የራሱ መደቅ ፊቱ ቆሞ ይዘጋበታል። እንዲህ ያለ ሠራዊት ጠላቱ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ይራመዳል። በዚያ ሁሉ እርምጃ ውስጥ ማን ቀድሞ አንድ ጠጠር አነሣ የሚለው ነገር ሚዛን አይደፋም። ወረራ የቆመበት መሬት ይህ ነው።

ጨዋታው በቤተ መንግሥት መሰንበቱ በየዘመኑ ተመስክሮለታል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ትግራይ ሲመጣ ራስ ወልደ ሥላሴ ገበታው ላይ ሲጫወቱ አይቷል። ከእሱ በኋላ የመጣው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ሕጎቹን ዘርዝሮ ጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ብርቱ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገራል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያገኘውን መዝግቧል፤ እንግሊዛዊው የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ ሙሬይ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ትልቁ የቼዝ ታሪኩ ውስጥ አካቶታል። ሁሉንም ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። እንደ እሳቸው አባባል ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጠፍቷል። ለዚህ ጥናት ውለታቸው አለብን፤ እሳቸው ባይሰበስቡት ኖሮ ወረራን ዛሬ በስሙ እንኳ የምንጠራው አይመስለኝም።

ዓረቦችም ስለ አጀማመር ብዙ አስበዋል። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኸሊፋዎች ፊት ይጫወቱ የነበሩት አል-ዐድሊና አስ-ሱሊ የጻፏቸው የሰንጠረዥ መጻሕፍት የአሰላለፍ ዓይነቶችን በስም በስም እየጠሩ ያስተምሩ ነበር። ጠጠሮቹ የእኛዎቹ ናቸው፤ ፍጥነታቸውም ያው ነው። ስለዚህ በእነሱም ዘንድ የሚጠናው መጨረሻ ላይ የሚቆመው ሰልፍ እንጂ የእርምጃው ቅደም ተከተል አልነበረም። ነገር ግን ተራን አልነኩም። አንዱ ያራምዳል፣ ሌላው ያራምዳል፤ ሁለቱም ቀድሞ በልባቸው የያዙትን ሰልፍ ተራ በተራ ገበታው ላይ ያወርዱታል። እኛ ዘንድ የመጣው ለውጥ በሰልፉ ላይ አይደለም፤ ጠጠሮቹም የተሰጡን ጠጠሮች ናቸው። የተወገደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠባበቅ።

አውሮፓውያን ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄዱ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለቂያ፣ በስፔን ምድር፣ አንዲት ቤት ብቻ ትራመድ የነበረችው ጠጠር ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የምትጠራርግ ንግሥት ሆነች። ሁለት ቤት ይዘል የነበረው ፊልም ረጅም ሰያፍ የሚተኩስ ጳጳስ ሆነ። ከዚያ በኋላ በአራተኛው እርምጃ ንጉሥ ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያው እርምጃ አደገኛ ሆነ፤ አደገኛ ስለሆነም ይጠና ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1561 ሩይ ሎፔዝ የተባለ የስፔን ቄስ መጽሐፍ ጻፈ፤ በስሙ የሚጠራው መክፈቻ እስከ ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች ላይ ይታያል። መክፈቻዎች በአገር፣ በከተማ፣ በሰው ስም ተሰየሙ፤ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ተላለፉ።

የዚህ መንገድ ጫፍ የት እንደሚያደርስ ያሳየኝ አንድ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ኒው ዮርክ ላይ ኩባዊው ካፓብላንካና አሜሪካዊው ማርሻል ተገናኙ። መክፈቻው የሩይ ሎፔዝ ነበር። በስምንተኛው እርምጃ ማርሻል አንድ ወታደር ወደ ፊት ገፍቶ ሌላውን ለመበላት አጋለጠ። ለዚህ ቀን ለዓመታት ሸሽጎ ያቆየው ዘዴ ነበር ተብሎ ይተረካል፤ የዓመታቱ ቁጥር ቢያከራክርም ቤቱ አዘጋጅቶት እንደመጣ የሚጠራጠር የለም። ካፓብላንካ ወታደሩን በላ። ቆይቶ እንደጻፈው፣ የሚወርድበት ማዕበል እያንዳንዱ መንገዱ በባላጋራው ዘንድ የታወቀ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ከተደቀነበት ፈተና መሸሽ ለክብሩ የማይሆን መሰለው። ማዕበሉ ወረደ። ካፓብላንካ እዚያው ወንበሩ ላይ እያሰበ አንድ በአንድ መልስ አገኘለት፤ በ36ኛው እርምጃም አሸነፈ።

ቼዝ የሚወዱ ሁሉ ይህን ጨዋታ በአድናቆት ያነሡታል፤ እኔም አደንቀዋለሁ። የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ገበታ ላይ እየጀመረ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማርሻል ጅማሬውን ቀደም ብሎ፣ ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ ጨርሶታል። ኒው ዮርክ የመጣው ለመጀመር አልነበረም፤ ያለቀ ነገር ለመግለጥ ነበር። ካፓብላንካ ፊቱ ተቀምጧል፤ ነገር ግን በማርሻል ጅማሬ ውስጥ ካፓብላንካ አልነበረበትም፤ ማንም ሰው በወንበሩ ቢቀመጥ ዘዴው ያው ነው። ዛሬ መክፈቻ የሚጠናው በኮምፒዩተር ነው። ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ተቀምጠው ሃያ እርምጃ ያህል ሳያስቡ ሲያራምዱ ይታያል፤ ማሰብ የሚጀምሩት አንዱ ያላጠናው ቦታ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱም እዚያ የሉም ለማለት እደፍራለሁ።

በወረራ ይህ አይቻልም። የፈለገውን ያህል የተጠና ሰልፍ ይዞ የሚመጣ ተጫዋች ሊኖር ይችላል፤ ግን ባላጋራው ተራ አይጠብቅለትም። እሱ ያጠናውን ሲደረድር ሌላው እያየ ይሠራል፣ ያፈርሳል። ያጠናው ሰው ዓይኑን ከራሱ ጠጠሮች አንሥቶ ማዶ ካላየ፣ ሰልፉ ባማረበት ሰዓት ሰልፉ የማይመልሰው ነገር ፊቱ ቆሞ ያገኘዋል። ስለዚህ የወረራ ጥበብ እጅ ውስጥ አይደለም፤ ዓይን ውስጥ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ነፃነት ግን ሌላውን በማየታቸው መጠን የተለካ ነው። ከውጭ የገባ ልጓም የለም። ያለው ልጓም ማዶ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ይዤ መልካ ጀብዱ ሄድኩ። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለችውን ይህችን ትንሽ ከተማ የመረጥኩት እዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሳይል፣ ጥላ ሥር ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ስለማውቅ ነው። በቆርኪ የሚጫወት ሰው አዲስ ሕግ አይፈራም። በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የፕላስቲክ የቼዝ ጠጠር አወጣሁና ንግሥቷ ፈርዝ፣ ጳጳሱ ፊል፣ ግንቡ ደር ይሁን ብዬ አስረዳሁ። ሕጉን ከሰሙት መካከል ሁለቱ ለመግጠም ተስማሙ። አንዱ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠራ፣ ቼዝን በስልኩ ላይ የለመደ ወጣት ነው። ሌላው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ዳማ ላይ የሚደፍራቸው የለም ይባላል።

ወጣቱ እጁ ፈጣን ነው። «ጀምሩ» ከማለቴ መደቆቹን ሽቅብ አጎረፋቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት። ከቆዩ በኋላ ሁለት መደቅ አንድ አንድ ቤት አራመዱ፤ አንድ ፈረስ አወጡ፤ እንደገና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጋሼ፣ አቦ ተጫወት እንጂ!» አላቸው ከዙሪያው አንዱ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ፍቅሩ ከዚያ ይበልጣል።

«እየተጫወትኩ ነው» አሉ።

የወጣቱ አንድ መደቅ ገበታውን አጋምሶ የሽማግሌው ሁለት መደቆች ደጅ ደረሰ። አሁን መብላት ይችላል፤ እሳቸውም ሊበሉት ይችላሉ። ያኔ የሆነውን ነገር ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው። ሁለቱም ቆሙ። ከደቂቃ በፊት ሲሽቀዳደም የነበረ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ብላ! ብላው!» የሚለው ጩኸት ከየአቅጣጫው መጣ። የጥንቱን ጨዋታ ያዩ እንግዶች ተመልካች ሁሉ ሐሳብ እንደሚሰጥ፣ ራስና መኳንንት ሲጫወቱ እንኳ ዙሪያው ዝም እንደማይል ጽፈዋል፤ መልካ ጀብዱም ከዚያ አላነሰም። ወጣቱ ግን አልበላም። ወደ ኋላ ዞሮ ሰልፉን አየ። መደቆቹ ርቀው ሄደዋል፣ ፈረሶቹ ቤታቸው ናቸው፣ ንጉሡ ፊት ሰው የለም። መብላት ማለት ይህ አሁን ያለው ቁመናው የመጨረሻው ይሁን ብሎ መፈረም ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ጠጠር ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ ያውም ሽማግሌው ከመለሱ በኋላ።

በላ። ሽማግሌው በላይ በላዩ መለሱለት፤ ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ተያዘ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ጠጠሮቹን ራሳቸው መልሰው ደረደሩለት።

ሁለተኛው ዙር ረጅም ሆነ። ወጣቱ አሁን ሽማግሌውን ያይ ጀመር። እሳቸው ደራቸውን ወደ መሀል ሲያመጡ እሱ ፈረሱን ያዛውራል፤ እሱ ፈረሱን ሲያዛውር እሳቸው ደሩን ይመልሳሉ። ሁለቱም አይናገሩም፤ ዙሪያውም ቀስ በቀስ ዝም አለ። መጨረሻ ላይ የበሉት ሽማግሌው ናቸው፤ ጨዋታውን ያሸነፈው ግን ወጣቱ ነው፤ በደር። በጥንቱ ሥርዓት ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ ጥበብ አይባልም ነበር፤ የሚደነቀው በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ የያዘ ነው። ይህን ስነግረው ተቆጣ። «አቦ፣ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው!» አለ። ልክ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ግን የድካሙን ዋጋ መቀነሴ ለራሴም ደስ አላለኝም።

ሽማግሌው ከጨዋታው በኋላ የተናገሩት ነገር ከሁሉ ይበልጥ አብሮኝ ቆየ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ነጠላ ሐዲድ ላይ ነው። ያ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋን የወለዳትም እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ግን እስከ 1917 ፈጅቶበታል። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል፣ ከዚያ መንገዱ ይለቀቃል። «እኛ ጋ መጀመሪያ ተራ ነው፣ ከዚያ ነው ጉዞ» አሉ። «አንተ ያመጣኸው ጨዋታ ሁለቱንም ባንዴ ይለቅና ተራውን ከግጭቱ በኋላ ያመጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ይጨርሳል።»

ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በትሕትና ላልፈው አልፈልግም። እውነትም አብዛኛው ሕይወታችን ባቡር ነው። መንገዱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ተራን አስቀድሞ ባይሠራ ኑሮ አይኖርም። ሆኖም እሳቸው የገለጹት ተራ ሌላ ሰው የሠራው ተራ ነው። ባቡር ነጂው ማዶ የሚመጣውን አያየውም፤ ማየትም አያስፈልገውም፤ የጣቢያው ሹም አይቶለታል። ሹሙ የሌለበት ቦታስ? ሁለት ሰዎች በትዳር ሲጀምሩ፣ ሁለት ጎረቤቶች ድንበር ሳያበጁ ሲሰፍሩ፣ ሁለት ነጋዴዎች ውል ሳይጽፉ ገንዘብ ሲያቀላቅሉ ተራ የሚሰጥ ማንም የለም። እያንዳንዱ በልቡ ያለውን ይደረድራል፤ ሌላውም ይደረድራል፤ ማንም አልተነካም፤ ሁሉም ነገር ሊመለስ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ነገር ይወሰዳል። ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ አንዲት መደቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እያንዳንዱ እርምጃ መልስ ይሆናል፣ ይቆጠራል፣ አይመለስም። «ባለፈው እኔ፣ አሁን አንተ» መባባል የሚጀመረው ከዚያ ነው።

የወረራ ሕግ የሚለኝ ይህን ነው። ተራ ከጨዋታው በፊት የነበረ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው ጉዳት የወለደው ነው። እስከዚያች ቅጽበት በሁለቱ መካከል ጊዜ እንኳ አንድ አልነበረም፤ አንዱ በራሱ ጊዜ አምስት ሲራመድ ሌላው በራሱ ጊዜ አንድ ተራምዷል። አንድ ጠጠር ሲነሣ ሁለቱ ጊዜዎች ይጋጠማሉ። ስለዚህም ነው የመጀመሪያው በይ ሸክሙ የከበደው። የሚያገኘው አንድ ጠጠር ነው፤ የሚያጠፋው የሁለቱንም ነፃነት ነው፤ ባላጋራውን ሳያማክር የባላጋራውን ጅማሬ ይዘጋል። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ራሱ ስለ ተዘጋጀ ብቻ አይደለም። ሌላው አልተዘጋጀም ብሎ ስላመነ ነው። በዚያ እምነት ላይ ስንት ነገር ተጀምሯል! በዚህች አገር የተጀመሩ ጠቦችን አንድ በአንድ ባነሣ፣ ብዙዎቹ የተጀመሩት «እሱ ገና ነው» ብሎ ባሰበ ሰው ነው።

ሌላም ተቃውሞ አለ። ወረራ ምንም ሐሳብ የለበትም፣ ዘገምተኛ ጨዋታን ለማፍጠን የተፈለሰፈ አቋራጭ ነው ሊባል ይችላል። አጀማመሩ ምናልባት እንዲያ ሊሆን ይችላል። ግን ለማፍጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላሉ ዘዴ ጠጠሮቹን መጀመሪያውኑ ወደ ፊት አስጠግቶ መደርደር ነበር። ዓረቦች የአሰላለፍ ስም ነበራቸው፤ «አንተ ይህን ያዝ፣ እኔ ያንን» ተባብሎ ከመሀል መጀመርም ይቻላል። የእኛ ሰዎች ያን አላደረጉም። ሰልፉን ክፍት አድርገው፣ ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ እንዲሠሩት ተዉት።

ዓለም በሌላ በር ወደዚህ ጥያቄ ተመልሷል። የቼዝ ሻምፒዮን የነበረው ቦቢ ፊሸር፣ መክፈቻን ከማንም በላይ ያጠና ሰው፣ በኋለኛው ዘመኑ የጥናቱ ክምር ጨዋታውን ገደለው ብሎ አመነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ አዲስ ሕግ አወጀ፤ የኋለኛው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ ይደርደሩ፣ የሚገኙት አሰላለፎችም 960 ይሁኑ አለ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጀለት፤ ዌስሊ ሶ የተባለ ተጫዋች የዘመኑን የቼዝ ሻምፒዮን ካርልሰንን አሸንፎ ወሰደው። የፊሸርን ሕመም እጋራዋለሁ። መድኃኒቱ ግን ዕጣ ነው። ዕጣ የማርሻልን የተዘጋ ክፍል ይከፍታል፤ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ እንዲተያዩ ግን አያደርግም። ነጭ አሁንም ቀድሞ ይራመዳል፣ ጥቁር አሁንም ይጠብቃል። ያልታወቀ ነገር ፊት ሁለቱም ብቻቸውን ቀርበዋል። በወረራ ውስጥ ያልታወቀው ነገር ሰውየው ራሱ ነው።

ይህን ጨዋታ መልሶ ማምጣት እንደሚቻል የመልካ ጀብዱ ከሰዓት በኋላ አሳይቶኛል፤ ሕጉን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደም። የሚያስቸግረው በውድድር መልክ ማምጣት ነው። የቼዝ ውድድር ሁለት መሣሪያዎች አሉት፤ ሰዓትና መዝገብ። ባለ ሁለት ፊት ሰዓት ለውድድር የዋለው እ.ኤ.አ. በ1883 ለንደን ላይ ነው፤ የአንዱ ሲቆም የሌላው ይሮጣል። በወረራ ላይ የማን ሰዓት ይሩጥ? መዝገቡም እንዲሁ ነው። በአንድ ቁጥር ሥር የነጭና የጥቁር እርምጃ ጥንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ ማርሻልና ካፓብላንካ በ1918 ያደረጉትን ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ አንድም ሳላጓድል የምደግመው በዚህ መዝገብ ምክንያት ነው። ሁለት እጆች ባንድ ላይ ያደረጉትን፣ አድርገውም የመለሱትን ነገር ግን ይህ መዝገብ አይዘውም። ሊጻፍ የሚችለው ከመጀመሪያው መበላት በኋላ ያለው ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒሱ ሠዓሊ ጋር ሲጫወቱ አጠገባቸው ደህና ጸሐፊ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ፣ ንጉሡ ሠዓሊውን አይተው ምን እንዳንቀሳቀሱና ሠዓሊው ንጉሡን አይቶ ምን እንደመለሰ ሊያቆይልን አይችልም ነበር። መክፈቻቸው ስም የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። አንድ ክለብ፣ በድሬም ይሁን በሌላ ከተማ፣ ሰዓቱን እስከ መጀመሪያው መበላት ድረስ ሳያስነሣ፣ እርሳሱንም እስከዚያ ድረስ አስቀምጦ አንድ የወረራ ውድድር ቢያደርግ እወዳለሁ። ዳኛው በዚያ መካከል ምን ይሥራ የሚለውን ገና እያሰብኩበት ነው።